የከዚራ ባቡርና የሙቀት መርማሪዎች ታሪክ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ አስቀድሞ ወደ ሐሳባችን የመጣው የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነበር። ነገር ግን ይህን ከእኛ የበለጡ ጸሐፊዎች አብዝተው ጽፈውታል። ስለዚህ ከመጨረሻው ክፍል ሦስት ተማሪዎች ተሰብስበን፣ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድና ስንመለስ በዐይናችን የምናየውን ነገር ለመመርመር ቈረጥን፤ ይኸውም የከዚራ የባቡር ጣቢያ ነው። የጣቢያውን ግንብ፣ በዛፍ ጥላ የተከለሉትን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ ከተማውንም ራሱን ያመጣው ባቡሩ እንደ ሆነ የማያውቅ የድሬዳዋ ልጅ የለም። ባቡሩን በመጀመሪያ ያንቀሳቅስ የነበረው ግን እሳትና ውሃ ነው። ታዲያ ሙቀት ከእሳት ወደ ውሃ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ውሃና እንፋሎትም በቧንቧ ውስጥ እንዴት እንደሚሄዱ የመረመሩት ሰዎች እነማን ናቸው? እኛስ ከነሱ ጋር ምን ያገናኘናል? ይህን ጥያቄ ይዘን ተነሣን።

የታሪኩ መነሻ ወደ አንድ የስዊስ ሰው ይወስደናል። አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1854 ተወልዶ፣ በዙሪክ ከተማ በሚገኘው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሕንድስና ከተማረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ወደ ነበሩት ወደ ምኒልክ መጣ። ይህ የዙሪክ ትምህርት ቤት ተራ ትምህርት ቤት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1855 በተከፈተ ጊዜ ፊዚክስን ያስተምር የነበረው ሩዶልፍ ክላውዚየስ ሲሆን፣ እሱም ሙቀት በገዛ ራሱ ከቀዝቃዛ አካል ወደ ሞቃት አካል አይሄድም የሚለውን ሕግ ያጸና ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ኤንትሮፒ የሚለውን ቃል ያወጣው በዙሪክ ሳለ ነበር። ኢልግ ትምህርቱን ሲጀምር ክላውዚየስ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ስለ ነበር በክፍል ውስጥ አላገኘውም። ነገር ግን የሙቀት ዕውቀት በተጻፈበት ቤት የተማረ ሰው መጥቶ በአገራችን የባቡርን ሐሳብ መጀመሩ ለእኛ ትንሽ ነገር ሆኖ አልታየንም።

ኢልግ ስለ ውሃ አካሄድም በአዲስ አበባ አንድ ትምህርት ትቶ አልፏል። ከእንጦጦ ምንጭ የተነሣው ውሃ በቧንቧ ቁልቁል ወርዶ፣ ከዚያም ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሽቅብ እንዲወጣ አደረገ። ውሃ ዳገት ሲወጣ ያየው ሕዝብ እጅግ ተደነቀ። ምክንያቱ ግን ምንጩ ከግቢው ኮረብታ ከፍ ያለ መሆኑ ብቻ ነው፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ወደ መነሻው ከፍታ ለመመለስ ይገፋል። እስከ መነሻው ከፍታ ሙሉ በሙሉ አይደርስም፤ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ ከኀይሉ ጥቂት ያጣልና። ያ የሚጠፋው ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ አስቀድሞ ማስላት በዚያ ዘመን መሐንዲሶችን ብዙ ያደከመ ጥያቄ ነበር፤ አሁንም በየዩኒቨርሲቲው ይመረመራል።

ወደ ባቡሩ እንመለስ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለኢልግና ለፈረንሳዊው ነጋዴ ለሊዮን ሸፍኔ የባቡር መንገድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። መንገዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረርን እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ገንዘብና ድካም ስለ በዛ፣ ሐረርን ወደ ላይ ትቶ ከተራራው እግር ሥር በሜዳው እንዲያልፍ ተደረገ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ዛሬ እኛ ያለንበት ቦታ ደረሰ፤ አዲስ ሐረር ተብሎ ተቆረቆረ፤ በኋላም ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸንቶ ቀረ። እንግዲህ ከተማችን የተወለደችው ባቡሩ ዳገት ለመውጣት ስለ ከበደው ነው ብንል ከእውነት አልራቅንም። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከብዙ ችግርና ከኩባንያው መለዋወጥ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

በዚህ መንገድ ላይ የፊዚክስ መምህራችን በክፍል ውስጥ የነገሩንን አንድ ነገር እንጨምር። በጅቡቲ በባሕር ጠረፍ በማሰሮ የተጣደ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በድሬዳዋ ግን በ96 ዲግሪ ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከፍ ባልን መጠን አየሩ ስለሚሳሳና ውሃውን የሚጫነው ኀይል ስለሚቀንስ ነው። የባቡሩ ጋን ግን ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ስለ ሆነ ነገሩ ተቃራኒ ይሆናል፤ እንፋሎቱ ራሱ ውሃውን ይጫነዋል። ግፊቱ 12 አትሞስፌር ሲደርስ ውሃው የሚፈላው በ190 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቡሩን የሚገፋው ይህ የታፈነ እንፋሎት ነበር።

ሊቃውንቱን ስንመረምር ካገኘነው ሁሉ ያስደነቀን ነገር፣ ሞተሩ ከዕውቀቱ ቀድሞ መምጣቱ ነው። በእንግሊዝ ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ የሚቀዳ የእሳት ሞተር የተሠራው ሙቀት ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ነበር። በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. በግላስጎ ጆሴፍ ብላክ የሚባል መምህር፣ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ እጅግ ብዙ ሙቀት በስውር ውጦ እንደሚይዝ፣ እንፋሎቱም ተመልሶ ውሃ ሲሆን ያንኑ ሙቀት እንደሚመልስ አሳየ። የእሱ ወዳጅ ጄምስ ዋት በ1765 እ.ኤ.አ. እንፋሎቱ ለብቻው በተለየ ዕቃ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ በማሰብ የሞተሩን የማገዶ ፍጆታ በብዙ ቀነሰ። ፉርዬ የተባለው ፈረንሳዊ፣ ከናፖሊዮን ጋር እስከ ግብጽ የመጣው ሰው ነው፤ በ1822 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ የሚሄድበትን ስሌት ጻፈ።

ከሁሉ ይልቅ የልባችንን የነካው ግን ሳዲ ካርኖ ነው። ካርኖ በ1824 እ.ኤ.አ. በ28 ዓመቱ ስለ እሳት የመንቀሳቀስ ኀይል አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጧም የእንፋሎት ሞተር የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ ከእሳቱ ከሚቀበለው ሙቀት ወደ ሥራ ሊለውጠው የሚችለው የተወሰነ መሆኑን፣ ይህም በሞቃቱና በቀዝቃዛው ወገን ልዩነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ገለጸ። መጽሐፏን ያነበባት ሰው ጥቂት ነበር። ካርኖም በ1832 እ.ኤ.አ. በኮሌራ በሽታ በ36 ዓመቱ ሞተ። ክላውዚየስና ሌሎቹ ይህን ሐሳብ አንሥተው ሕግ ያደረጉት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኛ በ18 ዓመታችን ስናስበው፣ ሰውዬው ከእኛ የሚበልጠው በ10 ዓመት ብቻ ነበር። የካርኖን ሕግ ከተማርን በኋላ የእንፋሎት ባቡር ከማገዶው ሙቀት ወደ መጎተቻ ኀይል የሚለውጠው ከመቶ አሥር እንኳ እንደማይሞላ ስንሰማ አልገረመንም። የቀረው በጭስ ማውጫው ወጥቶ የድሬዳዋን አየር ያሞቅ ነበር፤ ለዚህ ከተማ ደግሞ ተጨማሪ ሙቀት አያስፈልገውም!

ከመጽሐፍ ያገኘነውን በዐይናችን ለማየት የአሮጌውን የባቡር ጥገና ፋብሪካ ለመጎብኘት ፈቃድ ጠየቅን። በዚያም በናፍጣ ባቡሮች ላይ ብዙ ዘመን ሠርተው በጡረታ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አገኘን። የእንፋሎት ባቡሮች በ1940ዎቹ ዓ.ም. ቀስ በቀስ በናፍጣ ባቡሮች ስለ ተተኩ፣ የእንፋሎቱን ዘመን እሳቸው ሕፃን ሆነው ነው የሚያስታውሱት። ነገር ግን አባታቸው እሳት ቈስቋሽ ነበሩ።

«ልጆቼ፣ የዚህን አገር ውሃ ታውቁት የለም?» ብለው ጀመሩልን። በእርግጥ እናውቀዋለን። የድሬዳዋ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። «ይኸው ቅርፊት የባቡሩን ጋን ይገድለው ነበር» አሉን። አባታቸው ጋኑ በቀዘቀዘ ቀን ቧንቧዎቹን በመዶሻ መታ መታ አድርገው ድምፁን በመስማት ብቻ የትኛው ቧንቧ ቅርፊት እንደ ያዘ ይለዩ እንደ ነበር፣ ያም ቧንቧ ሳይጠረግ እሳት እንዲነድ እንደማይፈቅዱ ነገሩን። ምክንያቱን ሲጠየቁም «ቅርፊት ያለበት ብረት ውሃ መሐል ተቀምጦ ውሃ ይጠማዋል» ይሉ ነበር አሉ። ይህን ቃል ጻፍነው እንጂ በዚያን ቀን ትርጉሙ አልገባንም።

እኛ ግን የዘመኑ ተማሪዎች ስለ ሆንን ነገሩን በሙከራ ለማረጋገጥ ተጣደፍን። ከአንደኛችን ቤት ቅርፊት የወፈረበት ማንቆርቆሪያ፣ ከሌላችን ቤት ደግሞ በመጠን ተመሳሳይ የሆነና በሎሚ አጥበን ያነጻነውን ማንቆርቆሪያ አምጥተን፣ እኩል ውሃ ሞልተን በከሰል ምድጃ ላይ ጣድን። ቅርፊት ያለበት እጅግ ይዘገያል ብለን ሰዓት ይዘን ቆምን። ሁለቱም ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ፈሉ። ደጋግመን ብንሞክር ልዩነቱ ከምንም የማይቈጠር ሆነ። አዛውንቱ ተሳስተዋል፣ ወይም አባታቸው ተረት ነግረዋቸዋል ብለን አዘንን።

መምህራችን ጉዳዩን ሰምተው ሳቁብን፤ ከዚያም ሰሌዳው ላይ ሦስት በሮች ሣሉልን። ሙቀት ከእሳቱ ተነሥቶ ውሃው ዘንድ እስኪደርስ ሦስት በሮች ማለፍ አለበት። አንደኛው ከሞቃቱ አየር ወደ ብረቱ ነው፤ ሁለተኛው በብረቱና በቅርፊቱ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው ከዚያ ወደ ውሃው ነው። በከሰል ምድጃ ላይ ከሁሉ የጠበበው በር አንደኛው ነው፤ አየር ሙቀትን በቸልታ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሁለተኛውን በር በስስ ቅርፊት ጥቂት ብናጠበው መዘግየቱ አይታወቅም። ነገር ግን የባቡሩ እሳት እንደ እኛ ከሰል አይደለም፤ በኀይል የሚነድ ነው። ብረቱ ሳይለሰልስ የሚቆየው ከወዲያ በኩል ውሃው ሙቀቱን ቶሎ ቶሎ ስለሚወስድለት ብቻ ነው። ቅርፊቱ በመካከል ሲገባ ውሃው እንደ ቀድሞው ይሞቃል፤ ብረቱ ግን ከውሃው ተለይቶ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ በግፊቱም ይፈነዳል። ማንቆርቆሪያችን ላይ ልንለካው ይገባን የነበረው የውሃውን ሳይሆን የብረቱን ሙቀት ነበር። አባታቸው ያሉት ይህንኑ ነው፤ ብረቱ ውሃ ተጠምቷል።

እነዚህን በሮች በቍጥር መለካት የቻሉት ሊቃውንት ሁለቱ እንደሚከተለው ናቸው። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በማንቸስተር መምህር ሳለ፣ በ1874 እ.ኤ.አ. ሙቀት በእንፋሎት ጋን ውስጥ ከብረት ወደ ፈሳሽ የሚያልፈው በፈሳሹ መናወጥና መቀላቀል እንደ ሆነ ጻፈ። በ1883 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመስተዋት ቧንቧ ውስጥ በሚሄድ ውሃ ላይ ቀጭን የቀለም ክር አስገብቶ ተመለከተ። ውሃው ቀስ ብሎ ሲሄድ የቀለሙ ክር ሳይበጠስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ፍጥነቱ ከወሰኑ ሲያልፍ ግን ክሩ ተበጣጥሶ ከውሃው ጋር ይደባለቃል። ይህን ማንም በቤቱ ቧንቧ ሊያየው ይችላል፦ ጥቂት ሲከፈት ውሃው እንደ መስተዋት ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ ብዙ ሲከፈት ይደፈርሳል። ቪልሄልም ኑሴልት የተባለው ጀርመናዊ ደግሞ በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ በአንድ ቧንቧና በአንድ ፈሳሽ የተለካ ውጤት ለሌላ ቧንቧና ለሌላ ፈሳሽ የሚያገለግልበትን መንገድ አሳየ። ከዚያ በፊት መርማሪ ሁሉ ለገዛ ቧንቧው ብቻ የሚሆን ቍጥር ነበር የሚያገኘው። ዛሬ መሐንዲሶች የሬይኖልድስ ቍጥር፣ የኑሴልት ቍጥር እያሉ ይጠሯቸዋል።

ስለ ውሃ መናወጥ ስንጽፍ ስለ ደቻቱ ዝም ብለን ልናልፍ አንችልም። ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት ይከፍላታል፤ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ ግን የሚዘንበው በላይ በተራራው ነው፤ በከተማው ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሕዝቡ በተኛበት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ያለ ቤት ቀረ። እኛ የተወለድነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሆኖም በየቤታችን ያን ሌሊት ያልተነገረን የለም። ውሃ በሚሄድበት ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን የሚመታበት ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን በክፍል ውስጥ ስንማር አንዲት ጓደኛችን እርሳሷን አስቀምጣ እስከ ደወል ድረስ ምንም አልጻፈችም። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት የሚወስነው ግን ተራራው ላይ የሚዘንበውን ዝናብ፣ የአሸዋውን ሸካራነትና የወንዙን ቁልቁለት ዓመት ከዓመት የሚለካ ሰው ነው። የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ያለ ስለ ሆነ፣ ይህን ሥራ ከሩቅ የሚመጣ መሐንዲስ ብቻ ሊሠራው አይገባም የሚል አሳብ አለን።

በአገራችን የምሕንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ ከተከፈተ ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። የሙቀት ምርምር በኢትዮጵያውያን እጅ ምን ላይ እንደ ደረሰ ስንፈልግ፣ ያገኘነው ነገር ስለ ባቡር ሳይሆን ስለ እንጀራ ሆነ። ያን ጊዜ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት አስፋፋው ኃይለ ሥላሴ ተስፋይና ሙሉ ባይራይ ካሕሳይ፣ በኖርዌይ ትሮንድሄም ካለው ዩኒቨርሲቲ መምህር ከኦሌ ዮርገን ኒዳል ጋር ሆነው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በፀሐይ ሙቀት ስለሚጋገር እንጀራ ጽሑፍ አሳትመዋል። የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ሰብስበው ውሃ ያፈላሉ፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ሄዶ ከምጣዱ ሥር ይደርሳል፤ እዚያም ሙቀቱን ለምጣዱ ሰጥቶ ወደ ውሃ ይመለሳል። ጆሴፍ ብላክ በግላስጎ ያገኘው ስውር ሙቀት ማለት ይህ ነው። እንጀራ ለመጋገር ምጣዱ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ መጋል አለበት ይባል የነበረውንም፣ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ሊጋገር እንደሚችል በመለካት አሳይተዋል።

ይህን ለእናቶቻችን ስንነግር አንዷ «ምጣዱ መስማቱንማ ጥቂት ሊጥ ጠብ አድርጌ ዐውቃለሁ» አለችን። እውነቷን ነው። ነገር ግን የሊጡ ጠብታ ስንት ማገዶ በከንቱ እንደሚሄድ አይናገርም፤ በጭሱ የሚጎዳውም ዐይን የእሷው ነው። ሞተሩ ከዕውቀቱ ቀድሞ እንደ መጣ ሁሉ፣ ምጣዱም ከምርምሩ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሟል። እንዲያውም ለካርኖ የእንፋሎት ሞተር ምን እንደ ሆነ፣ ለኢትዮጵያዊ መርማሪ ምጣድ ያው ነው ብለን በመካከላችን ተከራክረናል፤ ሦስተኛው ጓደኛችን ግን ይህ ማጋነን ነው ብሎ እስካሁን አልተስማማም።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ከዚራ ይመጣ የነበረው አሮጌው መስመር ሥራውን አቁሟል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሲሆን ጣቢያውም ከከተማው ውጭ ነው። ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከግድብ የሚወርድ ውሃ ተርባይን እየመታ የሚያመነጨው ስለ ሆነ፣ ባቡሩ እሳቱን ቢተውም ውሃውን አልተወም።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ወደ አዛውንቱ ተመልሰን የማንቆርቆሪያውን ሙከራ፣ የመምህራችንን ሦስት በሮችና የኑሴልትን ነገር በሙሉ ነገርናቸው። በትዕግሥት ሰሙን። «ታዲያ ይህን ለማወቅ ጀርመን ድረስ መሄድ ነበረበት?» ብለው ጠየቁን። እኛም ኑሴልት ቍጥሩን ስላገኘለት፣ ቧንቧውን በመዶሻ ሰምቶ መለየት የማይችል ሰው እንኳ ዛሬ ሊያሰላው እንደሚችል ለማስረዳት ሞከርን። ጥቂት አሰቡና «እሱስ ደግ አደረገ። አባቴ ያን ጆሮ ለማንም ሳያወርስ ነው የሞተ» አሉን። ከዚያም ተነሥተው ከግቢው ጥግ ከወደቀው ብረት መካከል አንድ የተቈረጠ አሮጌ ቧንቧ አምጥተው በእጃችን ሰጡን። ቅርፊቱ በውስጡ እንደ ጣት ወፍሮ ይታያል። በፈቃዳቸው ለትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አስረክበነዋል፤ በበዓሉ ቀን የሚመጡ ወላጆች በመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሊያዩት ይችላሉ።